ዝናብ ያስገባችው

በጋሊሲያ አገር ዝናብ እንግዳ አይደለም፤
ፖሪኞ ላይ ደግሞ ጭራሽ ማቆሚያም የለም፤
የቆርቆሮውን ጣሪያ ሲደልቅ እያደረ፣
እኛ ከሥሩ ግን ድርቅ ነው የነበረ።

ድርቅ ስል አትሳቁ፤ እውነቴን ነው የምር፤
የግራናይት ሰማይ፣ የግራናይት ምድር፣
ዲስኩ አፉን ሲከፍት፣ ድንጋዩ ሲያጓራ፣
እሳት የሌለው ጢስ ባየር ሲንጠራራ።
ጢስስ መስኮት ሲያገኝ ይሄዳል ተጣድፎ፣
ይህ ግን ደረት ገብቶ ያድራል ተለጥፎ።

አያቶቻችንም ድንጋይ ጠርበው ኖሩ፣
በመዶሻ፣ በመሮ፣ ሲቆርጡ ሲሰብሩ፤
የነሱ ፍንጣሪ ከባድ ነው፣ ይታያል፣
ዓይን ይመታል እንጂ ወዲያው መሬት ይላል፤
የኛ መሣሪያ ግን ሲፈጭ የሚበትነው
ከዱቄት የላመ፣ ዓይን የማያምነው፣
ፀሐይ በቀዳዳ ብቅ ባለች ጊዜ
የሚታይ ሲጨፍር፣ ያለ ምንም ትካዜ።

ኤላዲዮ ነበር የቤቱ አንደኛ እጅ፤
የመቃብር ድንጋይ፣ መስቀል፣ የቤት ደጅ፤
ፊደል ሲቀርጽማ፣ ሟች ቢያነበው ኖሮ
«በቃ፣ ልተኛበት» ይል ነበር አፍሮ።
«ውሃ ጨምርበት» የሚል ሰው ሲመጣ
ኤላዲዮ ነበር ቀድሞ የሚቆጣ፦
«ጠመኔዬ ታጥቦ መስመሩ ከጠፋ፣
የሟች ስም ተሳስቶ ማን ነው የሚከፋ?
ደግሞ ኤሌክትሪክ ከውሃ ቢጋባ
ልቤ ነው የሚቆም ቀድሞ ከሳንባ።»
ሳቅን። አቧራው ጥርሳችን ላይ ሳይቀር፣
አብረን ስንስቅ አብረን ስንውጠው ነበር።

ጭምብል ነበረን፤ ምስማር ላይ ተሰቅሎ፣
ላስቲኩ የላላ፣ የሸረሪት ድር አዝሎ፤
ተቆጣጣሪው ሲመጣ እናጠልቀዋለን፣
መኪናው ሲነሣ መልሰን እንሰቅለዋለን።

ከዚያ ያ ደረጃ። ዐሥራ አንድ ነው ቁጥሩ፤
ጫፉ ላይ ይገኛል የገንዘብ ቤት በሩ።
ኤላዲዮ አንድ ዓርብ ሰባተኛው ላይ ቆመ፤
የረሳው እንዳለ እጁ ወደ ኪሱ አዘገመ፤
ዳበሰ፣ ባዶ ነው፤ ዞር ብሎም አየን።
እኛም አየነው።
ማናችንም አልጠየቅነው «ምን ሆንክ?» ብለን።

ሐኪሙ ፎቶውን ብርሃን ላይ ሰቀለ፤
«የገባው አይወጣም፤ የሚገባው ይቅር» አለ።

ልጁ ሳቤላ ናት በቦታው የገባች፣
ሃያ ሦስት ዓመቷ፤ ሳታወራ ሠራች፤
መጀመሪያ ሄዳ ያንን ገመድ ፈታች፣
በአየር ግፊት የሚዞር መሣሪያ አመጣች፣
ከጎኑ ቀጭን ቱቦ፣ እንደ ግሉኮስ መስመር፣
ዲስኩን ተከትሎ የሚፈስስ ነበር፤
አቧራ የሚስብ ሰፊ ቧንቧ አስጠጋች፣
መጥረጊያችንን ደግሞ ምድጃ ውስጥ ማገደች።
«ልብሳችሁን» አለች «ቤት ይዛችሁ አትሂዱ፤
ልጆቻችሁ ድንጋይ ጠራቢ አልተወለዱ።»

«መስመሩስ?» አልኳት፣ እጄን አጣጥፌ፣
ያባቷን ክርክር ከፊቷ አሰልፌ።
ከኪሷ አወጣች ቢጫ እርሳስ የሰም፤
አሰመረች። ውሃው ቢሄድባት ንቅንቅ አላለችም።
ሰም ነበር የጎደለን፤ ሠላሳ ዓመት ሙሉ
ስንቶች ለጠመኔ ሳንባቸውን ጣሉ!

አልዋሽም፣ ይበርዳል። ጥር ላይ ጣት ይደነዝዛል፤
ቦቲዬ ጭቃ ነው፣ ሽርጤም ይከብዳል።
ጭምብሉም አልቀረ፤ ግን የዛሬው ልክ ነው፣
የሃያ ዓመት ጢሜን ላጭቼ ነው የገጠመው፤
ሚስቴ በሩን ከፍታ «ማንን ፈልገው ነው?»
አለችኝ።

ባለፈው ሐሙስ ኤላዲዮ መጣ፤
ከደጁ ሳጥን ላይ፣ ትንፋሽ እስኪያመጣ፣
ተቀመጠ። ከዲስኩ ሥር ወጥቶ ግራጫው ውሃ
አየ ሲያረሰርስ ያንን የኛን በረሃ።
ማታ ላይ ሳቤላ በአካፋ ዝቃ
ባልዲ ሙሉ አወጣች የቀኑን ጭቃ።
ጣቱን ነከረበት፣ አሸት አደረገው።
«የስንት ሰው ነው?» አለ።
«የኔ ብቻ፣ ያንድ ቀን ነው።»

ረዥም ዝም አለ። ጣሪያው ይደለቃል።

«ስጪኝ ያን እርሳስ» አለ፤ እጁ እየራደ
አንዲት መስመር ሳበ፤ ውሃው ላይዋ ሄደ፤
ጎንበስ ብሎ ጠበቃት። አልሄደችም።
«ያንቺ ግን» አላት፣ ትንፋሹን በሦስት ከፍሎ፣
«ያንቺ… መስመር… አልቀናችም።»